የሌሊቱን ሰማይ በዐይን ማየትና በፎቶግራፍ ማንሣት

ከመካነ ሰላም አንድ አባወራ በጻፉልን ደብዳቤ በቤታቸው የተነሣውን ክርክር ገልጸው አሳባችንን እንድንሰጣቸው ጠይቀውናል። ነገሩም እንዲህ ነው። እኒህ ሰው ለልጆቻቸው ትምህርት ብለው አፉ 70 ሚሊ ሜትር የሚሆን የሩቅ ማያ መነጽር፥ ይኸውም ቴሌስኮፕ የሚባለውን፥ ገዝተው ሰጡ። ቤተ ሰቡም ሁሉ፥ ባልቴቷ አያት እንኳ ሳይቀሩ፥ ጥቂት ወር ጨረቃንና ሳተርንን በተራ ሲያይ ከቆየ በኋላ ታላቁ ልጅ «በዐይን ማየት የሕፃናት ነገር ነው፤ አሁን የሚያስፈልገን ካሜራና ኮከብን እየተከተለ የሚዞር መቆሚያ ነው» ብሎ ተነሣ። የዚህ ዋጋ ከመነጽሩ ዋጋ እጅግ ስለሚበልጥ አባትየው በሬ ካልሸጡ በቀር አይገኝም። እናቲቱም «ፎቶግራፉን ከፈለግህማ በስልክህ ሞልቶልህ የለም ወይ፤ መነጽሩን የገዛነው በገዛ ዐይናችን እንድናይበት ነው» ብለው ተቃወሙ። ልጁ ደግሞ «እማዬ፥ ያዩት ይረሳል፤ የተነሣ ፎቶግራፍ ግን ይኖራል» ብሎ መለሰ። አባትየው የጠየቁን ከሁለቱ የማንኛቸው ቃል እንደሚጸና ነው።

እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ብዙ ዘመን የኖርሁ ሰው ነኝና ነገሩን በለመድሁት መንገድ ባየው አንባቢ አይፍረድብኝ። በችሎት ፊት የሰው ምስክርና የጽሑፍ ማስረጃ ይቀርባሉ። የሰው ምስክር ሕያው ነው፤ ቢጠይቁት ይመልሳል፥ ቢያጣሩበት ያስረዳል። ነገር ግን ይረሳል፤ ከዚህም የከፋው፥ ይሆናል ብሎ የጠበቀውን ነገር በእውነት እንዳየው አድርጎ ይናገራል፥ ሲናገርም አይዋሽም፤ እንዳየው ያምናልና። ጽሑፍ ደግሞ አይረሳም፤ ነገር ግን ያልተጻፈበትን ቢጠይቁት ዝም ይላል፥ ማን እንደ ጻፈው፥ ምንም እንደ ተፋቀበት ካልተመረመረ ዳኛን ያስታል። ዐይንና ካሜራም በሰማይ ፊት እንደዚሁ ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ስፍራው ጥቂት እንናገር። የቦረና ወረዳ ከተማ መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ በምዕራቡ ደጋ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፥ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከእርሷ ወደ ምዕራብ የዐባይ ሸለቆ አገሩን ከጎጃም ይለየዋል። ከፍ ባለ አገር የሚኖር ሰው በራሱና በከዋክብት መካከል ያለው አየር ስስ ስለ ሆነ ብርሃናቸው ሳይደክም ይደርሰዋል። ከዚህም ሌላ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ሁለቱንም የሰማይ ዳርቻ ታያለች። የሰሜን ኮከብ እጅን ዘርግቶ አንድ ጭብጥ ያህል ከአድማስ በላይ ይታያል፤ የደቡብ መስቀል የሚባሉት ከዋክብት ደግሞ በግንቦት፥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፥ በደቡብ በኩል ሁለት ጭብጥ ያህል ከፍ ብለው ይቆማሉ። የሎንዶን ሰው የደቡብን መስቀል በአገሩ ሆኖ ከቶ አያይም፤ የሲድኒ ሰውም የሰሜንን ኮከብ አያይም። የመካነ ሰላም ሰው ግን ጋቢውን ደርቦ ደጁ ላይ ቆሞ ሁለቱን ያያል። ክረምቱ በደመና ያልፋልና ለዚህ ሥራ የሚመቸው ከጥቅምት ጀምሮ እስከ በጋው መጨረሻ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። የሰው ዐይን በጨለማ ጊዜ የብሌኗ ቀዳዳ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። የእኒህ አባወራ መነጽር አፉ ከዚህ አሥር እጥፍ ስለሚሰፋ የሚሰበስበው ብርሃን ዐይን ብቻዋን ከምትሰበስበው መቶ እጥፍ ነው። ነገር ግን ዐይን የተቀበለችውን ብርሃን አታጠራቅምም፤ ከሰከንድ ጥቂት ክፍል በኋላ የፊተኛውን ትጥልና አዲሱን ትቀበላለች። ቀዳዳ እንስራ ናት ማለት ነው። ካሜራ ግን ከምንጭ ሥር እንደ ተቀመጠ ደህና እንስራ፥ ጠብ ጠብ የሚለውን ሁሉ ሰዓት ሙሉ ያጠራቅማል። ደግሞም ዐይን በደካማ ብርሃን ጊዜ ቀለም አትለይም። በጥር ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከራስ በላይ ከሚቆሙት ከኦሪዮን ከዋክብት፥ ሦስቱ እንደ መታጠቂያ ከተሰለፉበት በታች፥ ጉም የመሰለ ነገር አለ። በመነጽር ያየው ሰው ግራጫ፥ ቢበዛ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጢስ አየሁ ይላል፤ በፎቶግራፍ ግን እንደ ጽጌረዳ ቀልቶ ይታያል። ልጁ «በዐይን ማየት የሕፃናት ነገር ነው» ያለው ይህን አይቶ ሳይሆን አይቀርም።

ዳሩ ግን ዐይን በዚያው በኦሪዮን ጉም ውስጥ ካሜራን የምትረታበት ነገር አለ። በጉሙ ልብ ውስጥ ተጠጋግተው የሚያበሩ አራት ከዋክብት አሉ። እነዚህን ከነጉማቸው፥ ብሩሁንና ደብዛዛውን በአንድነት፥ ትንሽ መነጽር እንኳ ለዐይን ያሳያል። ፎቶግራፉ ግን የጉሙን ጠርዝ ያወጣ ዘንድ ረጅም ጊዜ ብርሃን ሲጠጣ ማዕከሉ በነጭ ብርሃን ይሰጥምና አራቱ ከዋክብት ይጠፋሉ፤ አዋቂዎቹ ያለ ብዙ ድካም ሁለቱን በአንድ ሥዕል አያገናኙም። በዚህ ላይ አየር ሁልጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ በእሳት ላይ የተጣደ ምጣድ በላዩ ያለውን አየር እንደሚያርገበግብ፥ የሰማዩም አየር የፕላኔትን መልክ ያርገበግበዋል። የለመደች ዐይን አየሩ ለቅጽበት ጸጥ የሚልበትን ጊዜ ትጠብቅና በዚያች ቅጽበት የሳተርንን ቀለበትና የጁፒተርን መቀነት አጥርታ ትይዛለች። የድሮው ፎቶግራፍ ግን ጸጥታውንና ንቅጥቅጡን ሳይለይ አንድ ላይ ስለሚቀባው መልኩን ያደበዝዘው ነበር። ስለዚህ በፕላኔቶች ነገር ዐይን ካሜራን ከ100 ዓመት በላይ ስትመራው ኖራለች። በዘመናችን ካሜራው በጥቂት ደቂቃ ብዙ ሺህ ሥዕል ያነሣና ከነዚያ የጠሩትን ብቻ መርጦ ይደራርባቸዋል፤ ይህም ከዐይን የተማረው ትዕግሥት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ፎቶግራፍ ወደ ሰማይ የተመለሰበት ዘመን ሩቅ አይደለም። (የውጭ አገሩን ዘመን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ዓመተ ምሕረት ያልሁት ግን የእኛው ነው።) በ1840 ጆን ድሬፐር የተባለ አሜሪካዊ የጨረቃን ሥዕል አነሣ። ልጁ ሄንሪ ድሬፐር በ1880 ከላይ የተናገርሁትን የኦሪዮን ጉም 51 ደቂቃ ብርሃን አስጠጥቶ በፎቶግራፍ ያዘው። በ1888 አይዛክ ሮበርትስ የተባለ ዌልሳዊ በአንድሮሜዳ ከዋክብት ዘንድ ያለውን ደብዛዛ ብርሃን ቢያነሣው፥ ሰው በመነጽር ሲያየው እንደ ተፈተለ ጥጥ ብቻ ይታይ የነበረው ነገር ጠምዛዛ ክንዶች ያሉት ሆኖ ተገኘ። ኤድዊን ሀብል ደግሞ በ1923 በካሊፎርኒያ ያንኑ ስፍራ በመስተዋት ሰሌዳ አንሥቶ ሲመረምር አንድ ኮከብ አገኘ፤ በመጀመሪያ አዲስ ኮከብ መስሎት በሰሌዳው ላይ በቀለም ምልክት አደረገበት፤ ኋላ ግን ከቀድሞዎቹ ሰሌዳዎች ጋራ ቢያመሳክረው የነበረ፥ ብርሃኑም እየጨመረ እየቀነሰ የሚሄድ ኮከብ ሆኖ ስላገኘው ያን ምልክት ሰርዞ «ተለዋዋጭ» የሚል ጻፈበት። በዚህች ስርዝ ምክንያት አንድሮሜዳ ከእኛ የከዋክብት ጭፍራ ውጭ ያለ ሌላ ጭፍራ መሆኑ ታወቀ። ዛሬ ርቀቱ 2 ሚሊዮን ተኩል የብርሃን ዓመት ያህል መሆኑ ተለክቷል። ስርዝና ድልዝ የመዝገብ ጸሐፊን ሁልጊዜ አያሳፍርም ስል ለጓደኞቼ ይህን እጠቅስላቸዋለሁ።

ልብ በሉ፤ ሀብል ያን ያገኘው ካሜራው ሩቅ ስላየለት ብቻ አይደለም፤ የቀድሞው ሰሌዳ ተጠብቆ ስለ ቆየለት ነው። ዐይን ትናንት ያየችውን ዛሬ አምጪ ብትባል አታመጣም።

ዐይን ምን ያህል እንደምታስት ለማወቅ የማርስን ነገር ማንሣት ይበቃል፤ ሊቃውንቶቻችን መሪኅ የሚሉት ነው። በ1877 ስኪያፓሬሊ የተባለ ጣሊያናዊ የከዋክብት ሊቅ በማርስ ፊት ላይ ቀጫጭን መስመሮች አየሁ አለ። ከእርሱ በኋላ አሜሪካዊው ፐርሲቫል ሎዌል በአሪዞና ምድር ትልቅ መመልከቻ ሠርቶ፥ እነዚህ መስመሮች አእምሮ ያላቸው ፍጡራን የቆፈሯቸው የመስኖ ቦዮች ናቸው ብሎ ጻፈ፤ ብዙ ሰውም ተከተለው። በ1909 አንቶኒያዲ የተባለው በፓሪስ አቅራቢያ በሜዶን ባለው 83 ሴንቲ ሜትር መነጽር በጸጥተኛ አየር ቢያይ፥ መስመር የተባሉት ተበታትነው የሚገኙ ነጠብጣቦች ሆነው ታዩት። በመጨረሻም በ1965 ማሪነር 4 የተባለችው መንኰራኵር አጠገቡ ደርሳ ፎቶግራፍ ስትልክ ቦይ የሚባል አልተገኘም። ሎዌል ሐሰተኛ ሰው አልነበረም። ነገር ግን አስቀድሞ የተነገረውን ነገር ሊያይ ወጣ፥ አየውም። ችሎታችን አንዱ ምስክር ሲናገር ሌላውን ወደ ውጭ የሚያስወጣው ስለዚህ ነው።

ካሜራውስ ታማኝ ነው ወይ? የድሮው የመስተዋት ሰሌዳ ቢሰበር እንጂ አይዋሽም ይባል ነበር። የዛሬው ካሜራ ብርሃን በመቀበል ከእርሱ እጅግ ይበልጣል፤ ሰሌዳው ከደረሰው ብርሃን ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ሲያስቀር ደህናው የዛሬ ካሜራ ከ80 እጅ በላይ ያስቀራል። ነገር ግን በየመጽሔቱ የምናየው ያማረ ሥዕል ከብዙ ሥዕሎች ተደራርቦ፥ ደብዛዛው ጎልቶ፥ ቀለሙም በአዋቂ ምርጫ ተስተካክሎ የወጣ ነው። ይህ ማታለል አይደለም፤ የተደረገው ሁሉ ከተጻፈበት የታወቀ ሥራ ነው። ይልቁንስ የሚያሰጋው ሌላ ነው። አንዳንድ የኪስ ስልክ ጨረቃን ሲያነሣ በእውነት ያልታየውን ጠርዝና ጥላ አስቀድሞ ከተማራቸው ሥዕሎች አምጥቶ ይሞላበታል። ይህማ ምስክሩ ሳይናገር ጸሐፊው ቃሉን እንደ ሞላለት መዝገብ ነው፤ በእኛ ቤት ቢሆን ያስቀጣል።

ሁለቱ በአንድ ነገር ላይ የተገናኙበትን ሌሊት ልንገራችሁ፤ እኔ ይህን ጉዳይ ካነበብሁ ወዲህ ስለ ክርክሩ ያለኝ አሳብ የጸናው በእርሱ ነው። በየካቲት 1979 ዓ.ም.፥ በአውሮጳ አቆጣጠር የካቲት 24 ቀን 1987 በገባበት ሌሊት፥ ኢያን ሼልተን የተባለ ካናዳዊ በቺሌ ተራራ ላይ በላስ ካምፓናስ ሆኖ ታላቁ የማጀላን ደመና የሚባለውን የከዋክብት ጭፍራ በመስተዋት ሰሌዳ ሲያነሣ አመሸ። ሰሌዳውን አጥቦ ቢያየው ከዚያ በፊት ያልነበረ ትልቅ ነጥብ አገኘበት። ሰሌዳው ተበላሽቶ ይሆን ብሎ ተጠራጠረና ወደ ደጅ ወጥቶ ቀና ብሎ በባዶ ዐይኑ አየ፤ ኮከቡም በዚያ አለ። ወደ ባልንጀሮቹ ሄዶ ቢነግራቸው ከመካከላቸው ኦስካር ዱሃልዴ የተባለው የመነጽር ሠራተኛ «እኔም ቀደም ብዬ ደጅ ወጥቼ አይቼዋለሁ» አለ። አይቷል፤ ለማንም ግን አልተናገረም፥ አልጻፈምም። ከ383 ዓመት ወዲህ በባዶ ዐይን ለመታየት የበቃ እንደዚህ ያለ የፈነዳ ኮከብ አልነበረም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ኮከቡ የፈነዳው በየትኛው ሰዓት እንደ ሆነ ለማወቅ ሊቃውንት የየአገሩን መዝገብ ይመረምሩ ጀመር። በአውስትራሊያ ሮበርት ማክኖት የተባለ ሰው ባለፈው ቀን ያንኑ ስፍራ በፎቶግራፍ አንሥቶ ነበርና ሰሌዳው ሲታይ ኮከቡ ተገኘበት። በኒውዚላንድ ደግሞ አልበርት ጆንስ የተባለ፥ ለደመወዝ ሳይሆን ለፍቅሩ ከዋክብትን የሚመለከት ሰው፥ ከዚያ ፎቶግራፍ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ በገዛ ዐይኑ በመነጽር ያንን ስፍራ አይቶ ነበር፤ ምንም አዲስ ነገር አለማየቱንም ከነሰዓቱ በመዝገቡ አስፍሮአል። እንግዲህ የአንዱ ዐይን «አላየሁም» ያለው ቃልና የሌላው ካሜራ «አለ» ያለው ሥዕል ተገናኝተው ኮከቡ ደምቆ የታየበትን ጊዜ በአንድ ሰዓት መካከል አጠበቡት። ጆንስ በዕድሜው ውስጥ ከ500,000 የሚበልጥ የተለዋዋጭ ከዋክብትን ብርሃን በዐይኑ ገምቶ ጽፎ በ2013 ዐረፈ። ሁለቱ ያዩት አንድ ሰማይ ነው፤ ዱሃልዴ ያየውን ያወቅነው ሼልተን ስለ ተናገረ ነው፥ ጆንስ ያላየው ግን በገዛ መዝገቡ ይኖራል። ያ ኮከብ 168,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ፥ ከመካነ ሰላም ቢፈልጉት በደቡብ አድማስ ላይ አንድ ጭብጥ ያህል ከፍ ብሎ የሚያልፍበት ስፍራ ነበረው፤ አድማሱ ክፍት በሆነ ኮረብታ ላይ የቆመ እረኛ ሊያየው ይችል ነበር።

ስለዚህ ፍርዴ ከሁለቱ ወገን የሚለይ ነው። ልጁ «ያዩት ይረሳል» ማለቱ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን በሬ መሸጥ አይደለም፥ መዝገብ መግዛት ነው። እናቲቱም በገዛ ዐይን ማየት ይበልጣል ማለታቸው እውነት ነው፤ ፎቶግራፍ የሚያይ ሰው የስልኩን ብርሃን ያያል፥ በመነጽር አንድሮሜዳን ያዩት አያት ግን ከ2 ሚሊዮን ተኩል ዓመት ያህል በፊት የተነሣው ብርሃን ራሱ ዐይናቸው ውስጥ ገብቶ ዐርፏል። ነገር ግን ታይቶ በጨዋታ ብቻ ቢቀር ከዱሃልዴ ምስክርነት አይሻልም።

አባወራው ሆይ፥ እንዲህ ቢያደርጉ እመክራለሁ። ወፍራም ደብተር ይግዙ። ሊያዩ በወጡበት ሌሊት ሁሉ ቀኑንና ሰዓቱን፥ የቆሙበትን ስፍራ፥ የደመናውንና የጨረቃውን ነገር፥ ማን እንዳየ፥ ምን እንዳየ፥ ደግሞም ፈልጎ ያላገኘውን ምን እንደ ሆነ ይጻፉ። ጽሕፈት የማይችል ቢኖር ይናገርና ሌላው ይጻፍለት። እያንዳንዱ ያየውን በእርሳስ ይሣል፤ ሥሎ እስኪጨርስ ግን የሌላውን አይስማ፥ አይመልከትም። አንዱ «ቀለበቱ ጠማማ ነው» ብሎ ከጮኸ በኋላ የሚያዩት ሁሉ ጠማማ ያዩታልና። ወደ ደጅ ከወጡ በኋላ ዐይን ጨለማውን እስክትለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይታገሡ፤ በዚያ መካከል ስልክ የከፈተ ሰው የሁሉንም ድካም ያፈርሳል። ለመጻፊያ የሚሆን መብራት ቀይ ጨርቅ ይሸፈን። በጣም ደብዛዛውን ነገር ፊት ለፊት ከማፍጠጥ ዐይንን ጥቂት ወደ ጎን ቢያደርጉ ይሻላል፤ የዐይን ዳር በጨለማ ከመካከሏ ይልቅ ታያለችና።

ልጁም ሥራ አያጣም። ያለ መነጽር እንኳ ብርሃናቸው ሲለዋወጥ የሚታዩ ከዋክብት አሉ። አልጎል የሚባለው ኮከብ በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃው ይደበዝዝና ይመለሳል፤ ጓደኛው በፊቱ ስለሚያልፍ ነው። በኦሪዮን ትከሻ ላይ ያለው ቀዩ ቤተልጌዝ በ2012 ዓ.ም. በጋ ማንም ሰው ልብ እስኪለው ድረስ ደብዝዞ ነበር፤ ያን ጊዜ በዓለሙ ሁሉ ዐይናቸውን ብቻ ይዘው የጻፉት ሰዎች ቃል ከታላላቆቹ ካሜራዎች ቍጥር ጋራ አብሮ ተቈጥሯል፤ እንዲያውም እንደዚህ ያለው ብሩህ ኮከብ ትልቁን ካሜራ ስለሚያጥለቀልቀው ዐይን ትመቸዋለች። ፎቶግራፍም ካማረው ስልኩን በመነጽሩ መመልከቻ ላይ አስጠግቶ ጨረቃን ያንሣ፤ ወይም ስልኩን በድንጋይ ላይ አጽንቶ ወደ ሰሜን አዙሮ 15 ሰከንድ፥ 20 ሰከንድ እያስጠጣ ብዙ ጊዜ ያንሣና ይደራርበው፤ ከዋክብት የሰሜንን ኮከብ ሲዞሩ የሠሩትን ክብ ያገኘዋል። ኮከብ ተከታዩ መቆሚያ የሚያስፈልገው ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞርና ረጅም ሥዕል ስለሚንሻፈፍ ነው፤ እርሱን ለመግዛት ደብተሩ እስኪሞላ መቆየት አይጎዳም። እስከዚያ ድረስ በሬው ይረስ።

አንድ ነገር ግን ለሁሉ አስጠነቅቃለሁ። ፀሐይን ለዚሁ የተሠራ ማጥቆሪያ በአፉ ላይ ሳይደረግበት በመነጽር ያየ ሰው ዐይኑ በቅጽበት ይጠፋል፤ አይመለስም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ላይ እንደ ቀለበት የታየው የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ ብዙ ሰው ወደ ሰማይ ያንጋጥጥ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ሕፃን ከመነጽር አጠገብ ብቻውን አይተው።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብን ስንማር ጨረቃን በአበቅቴና በመጥቅዕ እንቈጥራታለን እንጂ ቀና ብለን አናያትም ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ደግሞ ክቡን የምድር ሥዕል አሳዩን፥ ሰማዩን ግን አላሳዩንም። አሁን ያለው ልጅ ከሁለቱም የተሻለ ዕድል አለው። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በእንጦጦ ተራራ፥ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፥ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸውን ሁለት መነጽሮች አስተክሏል። አንዱ ብቻውን ከሰው ዐይን 20,000 እጥፍ የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል። በሥራ ጊዜ ግን ዐይኑን የሚያስጠጋበት ሰው የለም፤ ብርሃኑ ወደ ካሜራና ቀለሙን ወደሚበትን መሣሪያ ይገባል፥ ሊቁም ከማሽኑ ዘንድ ተቀምጦ ቍጥሩን ያነባል። ለምርምር የሚገባው ይኸው ነው።

እንጦጦን የሚያስቸግረው ከበታቹ ያለው ከተማ ነው። የአዲስ አበባ መብራት ወደ ላይ እየተበተነ ሰማዩን ያነጣዋል፤ ክረምቱም በደመና ይወስድበታል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ለሚመጣው ዘመን መመልከቻ የሚሆን ጨለማ ስፍራ ፍለጋ በላሊበላ አካባቢ ያሉትን ተራሮች ሲመዝኑ ቆይተዋል። ይህን የምለው ለመካነ ሰላም ሰዎች ነው፤ አንድ ቀን ካሜራም ቢገዛ፥ ዐይንም ብትሠለጥን፥ ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያሳውራቸው ይህ ወደ ላይ የሚባክን ብርሃን ነውና። የምዕራቡ የደቡብ ወሎ ደጋ ከትልልቆቹ ከተሞች ርቆ ያለ አገር ነው። ለመንገድና ለደጅ የሚሰቀለው አምፖል መሬትን ሊያበራ እንጂ ሰማይን ሊያበራ አልተሰቀለም። በላዩ ወደ ታች የተደፋ የቆርቆሮ ክዳን ቢደረግበት ብርሃኑ በመንገዱ ላይ ይጨምራል፥ ሰማዩም ይጨልማል፤ ወጪውም አንድ ቁራጭ ቆርቆሮና ሁለት ምስማር ነው።